የሳተርን የሬዲዮ ብልጭታ (ኤስኢዲ)፦ ከቀለበቱ ነው ወይስ ከደመናው? ከመረጃው እንዴት ይለያል?

ጨረር_አንባቢ
የቮዬጀር 1 የሬዲዮ መቀበያ (ፒአርኤ) መረጃ ላይ እየሠራሁ ነው። መንኮራኩሯ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1980 ሳተርንን ስታልፍ፣ በዚያ ሰሞን በተቀዳው የጊዜና የፍሪኩዌንሲ ሥዕል ላይ አጫጭር ጭረቶች በብዛት ተበትነው ይታያሉ። በቡድን በቡድን ይመጣሉ፤ ቡድኖቹም በየ10 ሰዓት ከ10 ደቂቃው ገደማ ይመለሳሉ። የፕላኔቷ የራሷ የሬዲዮ ዑደት ግን 10 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነው። በኬፕለር ሕግ ሲሰላ በ10 ሰዓት ከ10 ደቂቃ የሚዞር ነገር ከሳተርን ማዕከል 109,000 ኪ.ሜ ገደማ ላይ፣ ማለትም ቢ ቀለበት ውስጥ ይወድቃል።

ጥያቄዎቼ፦ ብልጭታ ከሆነ ሰፊ ባንድ መሸፈን ሲገባው ጭረቶቹ ለምን ጠባብ ሆኑ? ስሌቱ እንዲህ ቀለበቱ ላይ ካሳረፈንስ የቀለበት መላምት ለምን ተጣለ? ከመረጃው ውስጥ ብልጭታዎቹን ነጥሎ ለማውጣት ደህናው መንገድ የትኛው ነው?

ሞገድ_ቆራጭ
የመጀመሪያው ቀላል ነው። ጠባብ ያደረጋቸው መቀበያው እንጂ ምንጩ አይደለም።

ፒአርኤ ሁሉንም ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ አይሰማም። ከላይ ወደ ታች በ198 ቻናሎች ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ ላይ 30 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ ሙሉው ጉዞ 6 ሰከንድ ይፈጃል። ከ40.2 ሜጋኸርዝ እስከ 1.2 ሜጋኸርዝ ያሉት 128 ቻናሎች በ307.2 ኪሎኸርዝ ይራራቃሉ፤ ከዚያ በታች ያሉት 70ዎቹ በ19.2 ኪሎኸርዝ። ብልጭታው ሙሉውን ባንድ በአንዴ ቢሞላም መቀበያው የሚያየው በዚያች ቅጽበት ያረፈበትን ቻናል ብቻ ነው። የቮዬጀር 1 ብልጭታዎች አማካይ ቆይታ 55 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሆነ ሁለት ቻናል ገደማ ይነካሉ። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ የጭረቱ ቁመት የሚነግርህ ቆይታውን ነው፤ የባንዱን ስፋት አይደለም።

ከዚህ የሚከተል የቆጠራ ስህተት አለ። የሳተርን አዮኖስፌር (ኤሌክትሮንና አዮን የሞላበት የላይኛው ከባቢ አየር) ከ5 ሜጋኸርዝ በታች ያለውን ከዘጋ፣ መቀበያው ከዚያ በላይ የሚያሳልፈው ከ198ቱ በ115 ቻናሎች ላይ ብቻ ነው፤ ያም 58 በመቶ ጊዜ ማለት ነው። የቆጠርከውን ለ0.58 ካላካፈልክ የብልጭታው ብዛት ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል። መዝጊያው ፍሪኩዌንሲ ከሰዓት ሰዓት ስለሚለያይ ማካፈያውም አብሮ መለያየት አለበት፤ ለሙሉው ቀን አንድ ቁጥር መውሰድ የሐሰት ውጣ ውረድ ይፈጥራል።

ኬፕለር_3
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ፤ የክሩ ዋና ጉዳይ እሱ ነውና።

የቀለበት መላምት በ1981 የቀረበው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዑደቱ ከፕላኔቷ ዑደት ያጥራል። መንኮራኩሯ ቅርብ በነበረችበት ጊዜ ምልክቱ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ ወርዶ ታይቷል፤ ከደመና ሥር የመጣ ቢሆን አዮኖስፌሩ ሊያግደው ይገባ ነበር። የቮዬጀር ካሜራዎችም በሳተርን የሌሊት ገጽ ላይ መብረቅ አላዩም። በዚያ ላይ ፒአርኤ አንድ ቻናል ላይ ቆሞ በፍጥነት በቀዳበት ጊዜ 140 ማይክሮሰከንድ የሚያህል ውስጣዊ ለውጥ ተገኝቷል። በብርሃን ፍጥነት ሲባዛ 42 ኪ.ሜ ይሆናል፤ ምንጩ ከዚያ የሚበልጥ ሊሆን አይችልም። ቀለበት ውስጥ ያለች ትንሽ ነገር ብሎ ማሰብ ያን ጊዜ ምክንያታዊ ነበር።

አሁን ግን ያንኑ ቁጥር በሌላ በኩል አስላው። የሳተርን የወገብ ራዲየስ 60,268 ኪ.ሜ ነው። ዙሪያውን በ10 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ስታካፍል በሰከንድ 9.87 ኪ.ሜ ታገኛለህ፤ በ10 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ስታካፍል 10.35። ልዩነቱ በሰከንድ 476 ሜትር ነው። ቮዬጀር ራሷ የሳተርንን የወገብ ደመናዎች ተከትላ የለካችው ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጅረት በሰከንድ 500 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ወገብ ላይ በነፋስ የሚገፋ አንድ የነጎድጓድ ደመናም ልክ ይህንኑ ዑደት ይሰጣል።

ጨረር_አንባቢ
ያው እኩል ሆኑ ማለት አይደል? አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ ምን አለ?

ኬፕለር_3
እኩል አይደሉም። ቢ ቀለበት ከ92,000 እስከ 117,580 ኪ.ሜ ይዘረጋል። ውስጠኛው ጠርዝ በ7.9 ሰዓት ገደማ ይዞራል፣ ውጨኛው በ11.4 ሰዓት። በመካከል ያለ ማንኛውም ዑደት ቢለካ ቀለበቱ ውስጥ የሚስማማ ቦታ አይታጣም። 8 ሰዓት ተኩል ቢለካም ይስማማ ነበር፣ 11 ሰዓት ቢለካም። ለሁሉም የሚገጥም መላምት በመግጠሙ ብቻ ነጥብ አያገኝም።

የደመናው መላምት ግን ጠባብ ነው። የደመና ንፋስ ከዜሮ እስከ 500 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ስለሆነ የሚፈቅደው ከ10 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በትንሹ ዝቅ ብሎ እስከ 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ያለውን ብቻ ነው። የተለካውም እዚያው ውስጥ ወደቀ። ሊሳሳት ይችል የነበረውና ያልተሳሳተው እሱ ነው።

ሌላም አለ። የዑደቱ ስህተት ±5 ደቂቃ ከሆነ ቀለበቱ ላይ ±600 ኪ.ሜ ይሆናል። የቀለበት ቁሳቁስ በየራዲየሱ በተለያየ ፍጥነት ስለሚዞር፣ 600 ኪ.ሜ ስፋት ያለው ምንጭ በእያንዳንዱ ዙር 3 ዲግሪ ገደማ እየተለጠጠ በ120 ዙር ገደማ ዙሪያውን ይሞላ ነበር። ቡድን በቡድን ሆኖ ለረጅም ጊዜ ለመቆየት ምንጩ ጠባብ መሆን አለበት። ያኔ ደግሞ ኃይሉን ከየት ያመጣል የሚለው ጥያቄ ይነሳል።

ሦስት_አንቴና
የአድማስ ፈተናውን ልጨምር። ማንም በራሱ ኮምፒውተር ሊሠራው ይችላል።

ደመና ላይ ያለ ነጥብ ከሩቅ ሲታይ ግማሹን ዙር ይታያል፣ ግማሹን ይሰወራል፤ ማለትም 5 ሰዓት ገደማ ዝም ይላል። 109,000 ኪ.ሜ ላይ ያለ የቀለበት ነጥብ የሚሰወረው ግን በፕላኔቷ ጀርባ ሲያልፍ ብቻ ነው። 60,268 ለ109,000 ሲካፈል 0.553፣ ሳይኑ ይህን የሚያህለው አንግል 33.6 ዲግሪ፣ በሁለቱም ወገን 67 ዲግሪ። ስለዚህ የሚሰወረው 1.9 ሰዓት ብቻ ነው፤ ተመልካቹ ከቀለበቱ ጠለል ወጣ ካለ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የዝምታውን ጊዜ ለማርዘም፣ የቀለበቱ ምንጭ የሚያበራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚል ተጨማሪ ግምት ማስገባት ግድ ይላል።

አሠራሩ፦ በመጀመሪያ ከስፓይስ ፋይሎች (የመንኮራኩሮችን አቀማመጥ ከያዙት የናሳ ፋይሎች) መንኮራኩሯ በየደቂቃው በየትኛው የሳተርን ኬንትሮስ ትይዩ እንደነበረች አውጣ። ከዚያ ጭረቶቹን በሰዓት ሳይሆን በዚህ ኬንትሮስ አስቀምጣቸው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ቮዬጀር 1 ለፕላኔቷ ስትቀርብ አቅጣጫዋ በፍጥነት ስለሚዞር በሰዓት ብቻ የተሳለ ሥዕል ዑደቱን ያዛባል። ቀጥሎ የአድማሱን ስፋት በየርቀቱ ለውጥ። ከሩቅ 180 ዲግሪ የነበረው 10 የሳተርን ራዲየስ ላይ 168 ይሆናል፤ በቅርቡ ነጥብ፣ ከማዕከሉ 184,000 ኪ.ሜ ገደማ ላይ፣ 142 ብቻ። በመጨረሻ የየቡድኑን መጀመሪያና መጨረሻ ከሁለቱ ሞዴሎች ጋር አወዳድር።

በ1983 ካይዘር፣ ኮነርኒና ዴሽ «ኔቸር» ላይ ያወጡት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ወገቡ ላይ 60 ዲግሪ ገደማ ኬንትሮስ የሚሸፍን ማዕበል ከመረጃው ጋር እንደሚስማማ አሳዩ። ምንጩ ይህን ያህል ስለተዘረጋ የቡድኑ መጀመሪያና መጨረሻ ስለታም አይሆንም፤ ብዛቱ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አንዲት ጭረት ብቻ ይዘህ «ቡድኑ እዚህ ጀመረ» አትበል፤ ብዛቱ የከፍታውን ግማሽ የሚደርስበትን ነጥብ ውሰድ።

በፎሪየር ወይም በሎምብ-ስካርግል (ዑደት በሚፈልጉ ስሌቶች) ብቻ 10 ሰዓት ከ10ን ከ10 ሰዓት ከ39 ለመለየት ከ9 ቀን በላይ ተከታታይ መረጃ ያስፈልጋል። ቮዬጀር ምልክቱን አጥርታ የሰማችው ከዚያ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ የቡድኖቹን መነሻ በመስመር ማገናኘት ይሻላል።

ዝቅተኛ_ሞገድ
የ20 ኪሎኸርዙን ነገር ዘላችሁታል። እሱ ካልተመለሰ ቀለበቱ አሁንም በሕይወት አለ።

ሞገድ_ቆራጭ
ልክ ነህ፣ ከባዱ ነጥብ እሱ ነው።

የመዝጊያው ፍሪኩዌንሲ በኪሎኸርዝ = 9 × የኤሌክትሮን ጥግግቱ ካሬ ሥር (ጥግግቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር)። 10,000 ኤሌክትሮን ካለ 900 ኪሎኸርዝ፤ 100,000 ካለ 2.8 ሜጋኸርዝ። ይህ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። በሰያፍ ከወጣ ለአንግሉ ኮሳይን ታካፍላለህ፤ በ60 ዲግሪ 2.8 የነበረው 5.7 ይሆናል። ለዚህ ነው ማዕበሉ ወደ አድማሱ ሲጠጋ ዝቅተኛው ክፍል ቀድሞ የሚጠፋው። 20 ኪሎኸርዝ እንዲያልፍ ግን ጥግግቱ ወደ 5 መውረድ አለበት፤ ይህ ከተለመደው አዮኖስፌር በሺህዎች እጥፍ ያነሰ ነው።

በ1983 የቀረበው መልስ የቀለበቱ ጥላ ነው። ቀለበቱ በወገቡ አካባቢ በከባቢ አየሩ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ፀሐይ ያላገኘው አዮኖስፌር ኤሌክትሮኖቹ ከአዮኖች ጋር እየተዋሃዱ ይሳሳል፣ ቀዳዳ ይከፈታል። እንግዲህ ቀለበቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው፤ ግን እንደ ምንጭ ሳይሆን እንደ ጥላ። ይህ ማብራሪያ ሁሉንም ዝቅተኛ ጭረት ይሸፍናል ለማለት አልደፍርም። ከ100 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ከመቀበል በፊት የአቧራ ግጭት አለመሆኑን ማጣራት ይገባል።

ከቮዬጀር በኋላ ሳተርንን የዞረችው የካሲኒ መንኮራኩር መረጃ ይህን በስፋት አጠናክሮታል። ከኤስኢዲ ዝቅተኛ ጠርዝ ተነሥቶ የተሰላው ከፍተኛ ጥግግት እኩለ ቀን አካባቢ ወደ 100,000፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ወደ 10,000 ነው። ምንጩ ከአዮኖስፌር በላይ፣ ቀለበቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ የቀንና የሌሊት ልዩነት አይታይም ነበር።

ጥላ_ለኪ
ስለ ካሲኒ ካነሣችሁ፣ ጉዳዩን የዘጋው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ካሲኒ ከጁላይ 1 ቀን 2004 እስከ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2017 ሳተርንን ስትዞር ቆየች። ሦስት 10 ሜትር አንቴናዎች ነበሯት፣ መቀበያዋ እስከ 16 ሜጋኸርዝ ይሰማ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሰሙት ኤስኢዲዎች በ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ይመላለሱ ነበር። (ይህም ቢሆን ቢ ቀለበት ውስጥ፣ 112,500 ኪ.ሜ አካባቢ ቦታ አለው፤ የኬፕለር_3ን ነጥብ ልብ በሉልኝ።) ካሜራው ግን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ኬንትሮስ፣ 35 ዲግሪ ደቡብ ላይ ደማቅ ደመና አየ። ደመናው አድማስ ላይ ሲወጣ ጭረቶቹ ይጀምራሉ፣ ሲጠልቅ ያቆማሉ። በ2009 የሳተርን ቀንና ሌሊት እኩል በሆነበት ወቅት ቀለበቱ ወደ ሌሊቱ ገጽ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ስለቀነሰ የመብረቁ ብልጭታ ራሱ በፎቶ ተያዘ። በዲሴምበር 2010 ደግሞ 35 ዲግሪ ሰሜን ላይ ግዙፉ ነጭ ማዕበል ፈነዳ፤ በሰከንድ 10 እና ከዚያ በላይ ብልጭታ ይሰማ ስለነበር አንዱን ከሌላው መለየት እስኪያቅት ደረሰ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ማስረጃ ግን ፖላራይዜሽኑ (የሞገዱ መስክ የሚዞርበት አቅጣጫ) ነው። ከ2 ሜጋኸርዝ በታች የደቡቡ ማዕበል ብልጭታዎች በአብዛኛው በቀኝ ዞሪ፣ የሰሜኑ በግራ ዞሪ ፖላራይዝድ ናቸው። መግነጢሳዊ መስክ ባለበት አዮኖስፌር ውስጥ ያለፈ ሞገድ በሁለቱ ንፍቀ ክበቦች እንዲህ መገልበጥ አለበት። ቀለበቱ የሚገኘው በወገቡ ጠለል ላይ ነው፤ ለዚህ ግልበጣ ምክንያት የለውም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ካሲኒ አንዳንድ ጊዜ ማዕበሉ ገና ከአድማስ በታች እያለ ጭረት ትሰማለች። አዮኖስፌሩ ሞገዱን ስለሚያጥፈው ነው። ይህን አይቶ «እነሆ የቀለበት ምንጭ» ማለት አይገባም።

ሦስት_አንቴና
ወደ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ነጥሎ ማውጣት።

ለእያንዳንዱ ቻናል ለብቻው ዳራውን አውጣ፤ ተንሸራታች ሚዲያን ይሻላል፣ አማካይ ግን ብልጭታው ራሱ ይጎትተዋል። ከዳራው 4 ሲግማ (የድምፁ መደበኛ ልዩነት አራት እጥፍ) የሚበልጠውን ያዝ። ፒአርኤ በቀን 2.9 ሚሊዮን ገደማ ልኬት ስለሚወስድ ድምፁ ፍጹም ጋውሲያን ቢሆን እንኳ 90 ያህል የሐሰት ጭረት በቀን ይወጣል፤ ዳራው በዴሲቤል ከተቀመጠ ስርጭቱ ስለሚዛባ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ስለዚህ ገደቡን ከመሳልህ በፊት ወደ ቀጥተኛ ኃይል መልሰው። ሁለት ተከታታይ ቻናል እንዲያልፍ መጠየቅ የሐሰቱን ያጠፋል፣ ነገር ግን ከ30 ሚሊሰከንድ በታች የሆኑትን አብሮ ይጥላል።

ከ1.3 ሜጋኸርዝ በታች የሳተርን የራሷ የኪሎሜትር ሞገድ ስላለ ለቆጠራ አትጠቀምበት። የመንኮራኩሯ ኃይል መቀየሪያዎች ቋሚ መስመር ያወጣሉ፤ ቻናሉን ሙሉ በሙሉ ሰርዘው። የፀሐይ ዓይነት 3 ፍንዳታ ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ በደቂቃዎች ስለሚንሸራተት በዓይን ይታወቃል።

አቧራው የተለየ ነው። መንኮራኩር የቀለበቱን ጠለል ስታቋርጥ የአቧራ ቅንጣት አካሏን ሲመታ ይተናል፣ የፕላዝማ ደመና ይሆናል፣ አንቴናው ላይ የቮልቴጅ ምት ይፈጥራል። ቮዬጀር 2 በኦገስት 1981 ጂ ቀለበት አጠገብ ስታልፍ በዚህ ተናውጣለች። ከብልጭታ የሚለየው በሁለት ነገር ነው፦ ጠለሉን ባቋረጠችበት ቅጽበት ዙሪያ ለደቂቃዎች ብቻ ይታያል፤ ኃይሉም ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር በጣም ይወርዳል። ኤስኢዲ ግን እስከ 10 ሜጋኸርዝ ድረስ ጠፍጣፋ ሊባል ይችላል።

ዝቅተኛ_ሞገድ
እሺ፣ ምንጩ መብረቅ ይሁን። ቀለበቱ ውስጥ ግን ምንም ብልጭታ የለም ማለት ነው? ስፖኮቹስ?

ጥላ_ለኪ
ቻርጅ አለ። ስፖኮቹ፣ ቢ ቀለበት ላይ የሚታዩት 10,000 ኪ.ሜ ገደማ የሚረዝሙ ጥላ መሳይ ሰረዞች፣ ግማሽ ማይክሮን አካባቢ የሆኑ ቅንጣቶች ቻርጅ ተሸክመው ከቀለበቱ ወለል ተነሥተው የተንሳፈፉባቸው ናቸው ተብሎ ይታመናል። የአንዲት ቅንጣት ቮልቴጅ ግን ከጥቂት እስከ አሥር ቤት ነው፤ ቀለበቱም በውፍረቱ አሥር ሜትር ቤት ነው። ከዚያ ተነሥቶ እስከ 40 ሜጋኸርዝ ድረስ በየኸርዙ ከ40 እስከ 220 ዋት የሚረጭ ምንጭ ማግኘት አይቻልም። ካሲኒ በ2004 ቀለበቱ ላይ ዝቅ ብላ ስታልፍ ከቢ ቀለበት አቅጣጫ የሰማችው የአውሮራ ፉጨት የሚባለውን ዝቅተኛ ሞገድ ነው።

የሚገርመው፣ በ2006 የቀረበ አንድ መላምት ነገሩን ይገለብጠዋል፦ የከባቢ አየሩ መብረቅ ወደ ላይ የሚያስወነጭፈው የኤሌክትሮን ጨረር ቀለበቱን መትቶ ስፖኩን ይፈጥራል ይላል። ከሚቲዮሮይድ ግጭት መላምት ጋር አሁንም ይፎካከራሉ።

አዲስ_ተቀባይ
በቤት አንቴና ይሰማል? 20.1 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሠራው የሬዲዮ ጆቭ መቀበያ አለኝ፣ ጁፒተር በደንብ ይሰማል።

ሞገድ_ቆራጭ
አይሰማም፤ ስሌቱ ይኸውልህ። ምንጩ 100 ዋት በኸርዝ፣ ርቀቱ 9 የፀሐይና ምድር ርቀት ከሆነ ምድር ላይ የሚደርሰው 440 ጃንስኪ (የሬዲዮ ምልክት ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ነው። 20 ሜጋኸርዝ ላይ የጋላክሲው ዳራ 50,000 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ 50 ካሬ ሜትር የምትሰበስብ አንቴና ላይ ይህ 2.8 ሚሊዮን ጃንስኪ ይሆናል። 1 ሜጋኸርዝ ባንድና 50 ሚሊሰከንድ ብትወስድ የምትለየው ትንሹ ለውጥ ወደ 12,000 ጃንስኪ ይወርዳል፤ አሁንም ምልክቱ 28 እጥፍ ያንሳል። 4 ሲግማ ለመድረስ የመሰብሰቢያ ስፋቱ 100 እጥፍ ገደማ፣ ከ5,000 ካሬ ሜትር በላይ ይሁን ማለት ነው። የጁፒተር ፍንዳታ ከዚህ በብዙ ሺህ እጥፍ ስለሚበረታ ነው በቀላሉ የሚሰማህ።

ከምድር የተሳካው 2,040 ዳይፖል ባለው በካርኪቭ አካባቢ በሚገኘው ዩቲአር-2 ነው። እዚያም ዋናው ችግር የምድር መብረቅ ነበር። መፍትሔው ሁለት ጨረር በአንድ ጊዜ መክፈት ነው፤ አንዱ ሳተርን ላይ፣ ሌላው አጠገቡ ባዶ ሰማይ ላይ። በሁለቱም የታየ ይጣላል። በሳተርኑ ጨረር ብቻ የታየው ደግሞ ካሲኒ ከሰማችው ጋር ይመሳከራል፤ ይህን ስትሠራ የካሲኒን ሰዓት በመንኮራኩሯ ላይ ካለው ወደ ምድር መድረሻ ቀይረው፣ ልዩነቱ 75 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሳተርን በምትገኝበት ርቀት መጠን በየቀኑ ይለወጣል።